የግላዲስ ቤንትሊ ስምንት ዘፈኖች፦ አዳማ ላይ ፍላሽ ለሚያስጭን አድማጭ

ግላዲስ ቤንትሊን በዝናዋ ብቻ የሚያውቃት ሰው ዘፈኖቿን አስጭኖ ሲሰማ መጀመሪያ ላይ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። በ1920ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ነጭ ቶክሲዶ (የወንድ የድግስ ሱፍ) ለብሳ፣ ረጅም ሲሊንደር ባርኔጣ ደፍታ ፒያኖ ላይ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። ሴት እንደምትወድ ከመድረክ ላይ ሳትሸፋፍን ትናገራለች፤ በዘፈን መሀል ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሴቶች ታሽኮረምማለች፤ ሕዝብ የሚያውቀውን ዘፈን ግጥሙን ወደ ባለጌ ስንኝ ገልብጣ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰዋለች። በሸክላ የቀረችልን ቤንትሊ ግን ወንድ ስላስከፋት ሴት የምታንጎራጉር የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የምሬት ዘፈን) ዘፋኝ ናት። ባለጌው ስንኝ የለም፤ ማሽኮርመሙ የለም፤ የታዳሚው ሳቅም የለም።

ይህን አስቀድሞ ያወቀ አድማጭ ግን አይከስርም። ስምንቱ ዘፈኖች በራሳቸው ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ከጥሩም በላይ ናቸው። ችግሩ አሻሻጡ ላይ ነው። ማስታወቂያው የሌሊቷን ሴት ፎቶ ለጥፎ የቀኗን ድምጽ ይሸጣል።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ። ቤንትሊ በ1928 እና በ1929 ኦኬ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ኒውዮርክ ላይ ስምንት ዘፈን ቀረጸች፤ አራት ሸክላ በሁለቱም ፊት ማለት ነው። «ዎሪድ ብሉዝ»፣ «ግራውንድ ሆግ ብሉዝ»፣ «ሃው ሎንግ ሃው ሎንግ ብሉዝ»፣ «ሞንፉል ዌይሊን ብሉዝ»፣ «ሃው ማች ካን አይ ስታንድ»፣ «ዋይልድ ጊስ ብሉዝ»፣ «ሬድ ቢንስ ኤንድ ራይስ» እና «ቢግ ጎሪላ ማን»። ባለ 10 ኢንች ሸክላ አንዱ ፊቱ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ሁሉም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይሞሉም። የወጡት ኩባንያው ለጥቁር ገዢዎች ብሎ በለየው የ8000 ተከታታይ ቁጥር ውስጥ ነው። ያን ተከታታይ የሚያዘጋጁት ሰዎች የሚፈልጉት የታወቀ ነገር ነበር፦ ብሉዝ የምትዘፍን ሴት፣ የከዳ ወንድ፣ ሦስት ደቂቃ። በፖስታ የሚላክና በሱቅ መደርደሪያ የሚቀመጥ ዕቃ ላይ የሌሊቱን ስንኝ የሚደፍር አልነበረም።

አዝማሪ ቤት የሚያመሽ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ «ተቀበል!» ሲባል ከታዳሚ የተወረወረለትን ስንኝ ይዞ፣ ስም ጠርቶ፣ የአንዱን ቦርጭ የሌላዋን ቀሚስ እያነሳ የሚለውን ሁሉ ስቱዲዮ ገብቶ አይደግመውም። ካሴቱ ላይ ትዝታው ይገባል፤ አምባሰሉ ይገባል፤ ሽርደዳው እዚያው ቤቱ ይቀራል። ልዩነቱ የኛ አዝማሪ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ጥቂቱን ማሾለክ መቻሉ ነው። ቤንትሊ በመድረክ ላይ ሰሙን ትታ ወርቁን በቀጥታ ነበር የምትናገረው፤ ስለዚህ ለሸክላ የሚተርፍ የተሸፈነ ስንኝ አልነበራትም።

ሴትየዋ ፊላደልፊያ ውስጥ በነሐሴ 1907 ተወለደች፤ እናቷ ከትሪኒዳድ የመጣች ነበረች። በ16 ዓመቷ ከቤት ወጥታ ኒውዮርክ ገባች። ጊዜው በአሜሪካ መጠጥ በሕግ የተከለከለበት (ከ1920 እስከ 1933) ስለነበር በሃርለም 133ኛ ጎዳና ላይ በድብቅ የሚሸጡ ምሽት ቤቶች ተደርድረዋል። ከነዚያ አንዱ ወንድ ፒያኒስት እንደሚፈልግ ሰማችና ሄዳ ተቀመጠች፤ ሱሪና ኮት መልበስ ሥራውም ሆነ፣ መታወቂያዋም ሆነ። በይበልጥ የታወቀችው ሃሪ ሃንስቤሪ በከፈተው «ክላም ሃውስ» ነው። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ በ1940 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ፒያኖውን ሳታቋርጥ እንደምትመታ ጽፎላታል። ሳታቋርጥ ማለቱን ልብ በሉ፤ ሸክላውን ስንመዝን እንመለስበታለን።

አዳማ ላይ እነዚህን ዘፈኖች የማግኛ መንገድ ሦስት ነው። ሲዲው አለ፦ ዶክዩመንት የተባለው አሳታሚ ከሌላዋ የብሉዝ ዘፋኝ ከማጊ ጆንስ ዘፈኖች ጋር በአንድ ዲስክ አውጥቷቸዋል። በሰው ካልተላከላችሁ በስተቀር ሲዲ ማሳደዱ ዋጋ የለውም፤ ማጫወቻው ራሱ ከየቤቱ እየጠፋ ነው። ሁለተኛው በስልክ መተግበሪያ መስማት ነው። ነጻው አገልግሎት ማስታወቂያ ጣልቃ ያስገባል፤ የሚከፈልበትን ለመጠቀም ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መናኸሪያና ገበያ አካባቢ ካሉት ዘፈን ጫኝ ሱቆች ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ማስጫን ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በዋናነት ለዚህ ነው፤ ብልሽት የሚበዛውም እዚህ ነው።

ስሙን በላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ሙሉ ስም፣ ከዘፈኑ ርዕስ ጋር። «ቤንትሊ» ብቻ ከተጻፈ የሚመጣው ሚሊየነር የሚነዳው መኪና ነው፤ ፊደሉ አንድ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚጭነው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከቪዲዮ ነው የሚያወርደው፤ ምንም ካልተባለ ደግሞ በ128 ኪሎቢት (ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ያንሳል) ኤምፒስሪ አድርጎ ይጭነዋል። «ወንድሜ፣ ድምጹን ብቻ፣ በ320 አድርግልኝ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ምንጩ ራሱ 128 ከሆነ 320 ማድረጉ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን ድምጽ አይመልስም። የሦስት ደቂቃ ዘፈን በ128 ሦስት ሜጋባይት፣ በ320 ሰባት ሜጋባይት ግድም ይሆናል። ስምንቱም በ320 ከ60 ሜጋባይት ብዙ አይርቁም፤ ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ጥራት መቀነስ ትርጉም የለውም። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ይሁን። ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑት ከፋብሪካ ሲወጡ ኤክስፋት ሆነው ስለሚመጡ ብዙ የመኪና ቴፕና ርካሽ ስፒከር አያነባቸውም፤ ሰው ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ክፍያ ሳትፈጽሙ እዚያው ቆማችሁ የምታዩት ነገር አለ። የእያንዳንዱ ዘፈን ርዝመት ሦስት ደቂቃን ከዞረ ደህና ነው። ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ካለ የሕይወት ታሪኳን የሚተርክ ሰው ነው የተጫነላችሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በታች ከሆነ ተቆርጧል። ቀጥሎ መጀመሪያውን 20 ሰከንድ ስሙ። ፒያኖ ብቻ፣ ቢበዛ ጊታር ከገባበት፣ ትክክለኛው ነው። ከበሮና ሳክስፎን ያለው ባንድ ከተሰማ በ1940ዎቹ ሎስ አንጀለስ ላይ የቀረጸችው ነው። እሱም የራሷ ሥራ ነው፣ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ድምጿም በስሏል፣ ዘመኑም ተለውጧል። ከስምንቱ ጋር ተደባልቆ ሲጫን ያንዱ ዘፈን ድምጽ ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ ሆኖ እጅን ከቮልዩም ላይ አያስነሳም።

የተጭበረበረ ስቴሪዮም ብዙ ነው። በ1928 ስቴሪዮ የሚባል ሸክላ የለም፤ ድምጹ አንድ ነው። ኢርፎኑን የግራውን ብቻ፣ ከዚያ የቀኙን ብቻ ስሙ። የድምጿ ቀለም ከተለያየ፣ ወይም እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባ ነገር ካለ፣ አንድ ሰው «ላሳምረው» ብሎ ነካክቶታል። ያንን ፋይል መልሱና ሌላ አስፈልጉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሸክላውን ጭርጭርታ ሙልጭ አድርጎ ለማጥፋት የተሞከረበት ነው። ጭርጭርታው የሚቀመጠው «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምጾችና የፒያኖው መዶሻ መነሻ ባሉበት ከፍታ ላይ ነው። በኮምፒውተር ሲጠረግ አብሮ ይሄዳል፤ ፒያኖው ከብርድ ልብስ ሥር የሚመታ ይመስላል፣ የቃሏም ጫፍ ይደፈናል። ጭርጭርታ ያለውን ምረጡ። ጆሮ ከአንድ ዘፈን በኋላ ጭርጭርታውን ይረሳዋል፤ የተቆረጠውን ድምጽ ግን የሚመልሰው የለም።

ይህን ስንል የቀረጻውን ጥራት ማቃለላችን አይደለም። ከ1925 ወዲህ ቀረጻ በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ሆኗል። ከዚያ በፊት ዘፋኙ ትልቅ ጡሩንባ ውስጥ ነበር የሚጮኸው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ላይ ያስቀረጿቸው የኛዎቹ ቀደምት ሸክላዎች በዚያ በጡሩንባው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ቤንትሊ ማይክሮፎኑ በመጣ በሦስተኛው ዓመት ነው የገባችው። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚፈጠረውን መሻከር ይይዛል፤ የፒያኖውን ዝቅተኛ ድምጽ ግን በከፊል ነው የሚይዘው፤ ከአምስት ሺህ ኸርዝ (የድምጽ ቅጥነት መለኪያ) በላይም ብዙ ነገር የለም። በሌላ አነጋገር፣ ድምጿ በሙሉ አለ፣ ፒያኖዋ ሦስት አራተኛ አለ።

ስለ ፍጥነት ጥቂት እናክል፤ ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ እንዲዞር ነው የተሠራው። የገለበጠው ሰው በ80 ካዞረው ዘፈኑ አራት ሰከንድ ተኩል ያህል ያጥርና ድምጿ የግማሽ ድምጽ (በኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት) ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይቀጥናል። ስድስት በመቶ ሲሆን ሙሉ ግማሽ ድምጽ ከፍ ይላል። የቤንትሊ ድምጽ ለሴት ወፍራም ነው፤ ዋናው ውበቷም እሱ ነው። በፈጠነ ግልባጭ ከሰማችኋት ተራ ዘፋኝ ትሆናለች። ማረጋገጫው ኪቦርድ ነው፦ ከዘፈኑ ጋር ስትመቱ ከቁልፍ ቁልፍ መሀል የሚወድቅ ከሆነ ፍጥነቱን ጠርጥሩ። የስቱዲዮው ፒያኖ ራሱ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ስምንቱም በአንድ መጠን ከወረዱ ፒያኖው ነው፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ግልባጩ ነው። ለማስተካከል ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ፍጥነትንና ቅኝትን አብሮ የሚቀይረውን ማዘዣ ተጠቀሙ። በስልክ ማጫወቻዎች ላይ ያለው የፍጥነት ቁልፍ አይረዳም፤ እሱ ፍጥነቱን ቀይሮ ቅኝቱን እንዳለ ይተወዋል።

ማጫወቻውን በተመለከተ፣ በስልኩ በራሱ ስፒከር አትስሙት። የግራ እጇ የሚመታቸው ድምጾች በአብዛኛው ከ200 ኸርዝ በታች ናቸው፤ የስልክ ስፒከር እዚያ አይደርስም። የሚተርፈው ድምጿና የቀኝ እጇ ስለሚሆን ዘፈኑ እግር የሌለው ይሆናል። ባስ የሚያገሳ ትልቅ ብሉቱዝ ስፒከርም በተቃራኒው ያበላሻል፤ ሸክላው ሲዞር የሚፈጥረውን ጉርምርምታ አጉልቶ ያወጣዋል። መካከለኛ መጠን ያለው ስፒከር፣ ባስ ማብዣው ተዘግቶ፣ ይበቃል። ኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምጽን ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) ካላችሁ ከስድስት ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን አራት አምስት ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ፤ እዚያ ያለው ጭርጭርታ ብቻ ነው። 150 እስከ 200 አካባቢ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ጨምሩ፤ ከአንድ ሺህ እስከ ሦስት ሺህ ያለውን አትንኩ። ስልኩ ግራና ቀኙን አንድ የሚያደርግበት ማስተካከያ ካለው አብሩት፤ በሁለቱ ጆሮ ላይ ለየብቻ የሚንጫጫው ጭርጭርታ መሀል ላይ ይሰበሰባል።

አዳማ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ቬንቲሌተር ሳያበራ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነው፤ የቬንቲሌተሩ እፍታ ደግሞ ከሸክላው ጭርጭርታ ጋር አንድ ዓይነት ድምጽ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ዘፋኟ ከኋላ ትቀራለች። መንገድ ዳር ከሆናችሁ ባጃጁ ይጨመርበታል። አመሻሽ ላይ፣ ነፋሱ ቤቱን ሲያቀዘቅዘው፣ ወይም ማለዳ ይሻላል። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ የኢርፎኑን ወንፊት ስለሚደፍን አንዱ ጆሮ እየደከመ ይሄዳል። ይህን ፋይሉ ላይ ከማሳበባችሁ በፊት ወንፊቱን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አራግፉት፤ ውሃም ሆነ አልኮል አይንካው።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ። መጀመሪያ «ዎሪድ ብሉዝ»ን ስሙ። አሠራሩ የብሉዝ ደንብ ነው፦ አንድ ስንኝ፣ እሱው ተደግሞ፣ ከዚያ መልሱ። መድገሙ ቀጣዩን ስንኝ ለማሰቢያ ጊዜ የሚሰጥ የሥራ ዘዴ ነው፤ አዝማሪ በሁለት ስንኝ መሀል ማሲንቆውን የሚያስጮኸው ለዚሁ ነው። ከዚያ ቃል ትተዋለች። ከንፈሯንና ጉሮሮዋን አጥብባ፣ ጫፉ ላይ መዝጊያ የገባበት የሚመስል ጡሩንባ በአፏ ትነፋለች። መሻከሩ፣ መንቀጥቀጡ፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ መንሸራተቱ፣ ሁሉም አለ። መሣሪያ የሚመስላቸው አድማጮች አሉ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ለዚህ ብቻ ፍላሽ ላይ ቦታ ይገባዋል። የሌሊቷ ቤንትሊ ከሸክላው ያመለጠችበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፤ ቃል የሌለው ድምጽ ሳንሱር አይደረግም።

ሁለተኛው «ሃው ማች ካን አይ ስታንድ» ነው። ይዘቱ ባሏ እየደበደባት መልአኬ የሚላት ሴት ምሬት ነው፤ ግን አታለቅስም። ስንኙን ስትጨርስ ያለው ድምጽ ውስጥ ንቀት አለ፤ በየትኛው መልአክ ላይ ነው ዱላ የሚያርፈው ብላ ስትጠይቅ ቀልዱ እንደ ምላጭ ነው። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትወጋ የሰማ ጆሮ ያንን ቃና ወዲያው ይለየዋል። እዚህም የአፍ ጡሩንባው አለ።

ሌሎቹን ባጭሩ። «ዋይልድ ጊስ ብሉዝ» ዝግ ያለና የሚያምር ነው። «ግራውንድ ሆግ» እና «ሞንፉል ዌይሊን» ተመሳሳይ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መያዝ ይበቃል። የ1929ኞቹ ሁለቱ፣ «ሬድ ቢንስ» እና «ቢግ ጎሪላ ማን»፣ ፈጠን ያሉና ቀልድ ያለባቸው ናቸው፤ ለመኪና ይሆናሉ። «ሃው ሎንግ» ደካማው ነው፤ መዝለል ይቻላል።

ዘጠነኛ ተብሎ አንዳንዴ የሚጨመረው በ1930 ዋሽቦርድ ሴሬኔደርስ ከተባለ ቡድን ጋር ቪክተር ለተባለው የሸክላ ኩባንያ የተቀረጸው ነው። የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ በጣት ጫፍ እየተፈገፈገ፣ የሕጻናት መጫወቻ የምትመስል ካዙ እየተነፋች የሚዘፈን ደስ የሚል ግርግር ነው። ከስምንቱ ጋር ግን አይሄድም።

ለኪቦርድ ተጫዋቾች፣ በተለይ ሆቴል ላውንጅ ውስጥ ብቻችሁን ዘፋኝ ለምታጅቡ፣ ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት አለ። በግራ እጅ አንደኛውና ሦስተኛው ምት ላይ አንድ ዝቅተኛ ድምጽ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ከፍ ብሎ ኮርድ፤ ይኸው ነው መሠረቱ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ዝቅተኛው ድምጽ ቶሎ ስለሚያልቅ ኦክታቩን አንድ ዝቅ አድርጉት፤ ካልሆነ ባለ 76ቱን ያዙ። አውቶማቲክ ሪትሙ ይጥፋ፤ እሱ ከበራ ዘፋኟ ስታዘገይ ከበሮው አይጠብቃትም፣ ቤንትሊ ደግሞ በየስንኙ መጨረሻ ላይ ነው የምታዘገየው። ለቀኝ እጅ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ከብሉዙ አምስት ድምጾች ጋር ስለሚገጥም ሌላ ነገር ሳትማሩ መጀመር ትችላላችሁ። ትዝታ ማይነርን ግን እንዳለ አታስገቡት፤ ስድስተኛው ድምጽ ይጋጫል።

የሸክላው ትልቁ ጉድለት ርዝመቱ ነው። ሂዩዝ የጻፈላት ሴት ሌሊቱን ሙሉ የምትመታ፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሳታርፍ የምትሻገር፣ ታዳሚውን እያስዘፈነች ሙቀቱን ቀስ በቀስ የምታወጣ ነበረች። ሦስት ደቂቃ ላይ የሚቆም ነገር ያንን አይነግርም። አዝማሪ ቤት ገብቶ በሦስተኛው ደቂቃ የሚወጣ ሰው ስለ አዝማሪ ምን ያህል ያውቃል? ስለዚህ ስምንቱን አከታትላችሁ፣ በመሀል ጸጥታ ሳይኖር ስሙ፤ ማጫወቻው ዘፈን ከዘፈን የሚያያይዝበት ማስተካከያ ካለው ሁለት ሰከንድ አድርጉት። ሙሉው ባይሆንም ይቀርባል።

ከሸክላው በኋላ ያለውን ታሪኳን የማያውቅ ሰው ስለ ዕቃው የተሳሳተ ነገር ይገዛል፤ መሸጫው ላይ የሚጻፈው ታሪክ ብዙ ጊዜ በ1929 ይቆማልና። የመጠጡ ክልከላ በ1933 ሲነሳ የድብቅ ቤቶቹ ገበያ ቀዘቀዘ። የኒውዮርክ ቲያትር ቤቶች ወዳሉበት ወደ ብሮድዌይ አካባቢ ወጥታ ኪንግስ ቴራስ የሚባል ቤት ውስጥ ሠራች፤ በግጥሞቿ ብልግና ምክንያት ፖሊስ በ1934 በሩን ዘጋው። ወደ ሃርለም ተመልሳ ኡባንጊ ክለብ ውስጥ የሴት ልብስ ከለበሱ ወንድ ጨፋሪዎች ጋር ትልቅ ትርዒት መራች። በ1937 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዳ ከእናቷ ጋር መኖር ጀመረች። እዚያ ሱሪ ለብሳ መድረክ ለመውጣት የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሴት የሚወዱ ሴቶች በሚያዘወትሩት ሞናስ 440 ክለብ ዘፈነች፤ የ1940ዎቹ ቀረጻዎች የዚህ ዘመን ናቸው።

በ1952 ኤቦኒ በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን መጽሔት ላይ በስሟ አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ በሕክምና «ተፈውሳ» ሴት መሆንን እንደተመለሰችና ትዳር እንደያዘች ይናገራል። ይህን ጽሑፍ ከነጊዜው ማንበብ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሴናተር ማካርቲ «ኮሚኒስት» እያለ ሰው የሚያሳድድበት፣ ሴት የምትወድ ሴት ሥራዋንም ስሟንም የምታጣበት ዘመን ነበር፤ አርባ አምስት ዓመት የሞላት፣ እናቷን የያዘች ዘፋኝ እንጀራዋን ማሰብ ነበረባት። ጽሑፉን እንደ ንስሐ የሚጠቅሱ የአልበም መግለጫዎች አሉ፤ እኛ ጫናው በሴትየዋ ላይ ምን ያህል እንደከበደ የሚያሳይ ወረቀት አድርገን ነው የምናነበው።

ምስሏን ማየት ለሚፈልግ በ1958 ኮሜዲያኑ ግሩቾ ማርክስ ይመራው በነበረው የቴሌቪዥን ውድድር ላይ የቀረበችበት ቪዲዮ አለ። ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ላይ አበባ አለ። ከዚያ ፒያኖው ላይ ትቀመጥና «ዜም ዜር አይስ»ን ትመታለች። እጇን ተመልከቱ፤ ግራው ሳይናወጥ ይዘላል፣ ድምጿም ያው በሸክላው ላይ ያለው ወፍራም ድምጽ ነው። ሱቁ ሲጭንላችሁ ይህን ብቻ ከነምስሉ አስጭኑት፤ 480 ጥራት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ የሚለው ቪዲዮ የተሳበ እንጂ የጠራ አይደለም። በጥር 1960 በሳምባ ምች በ52 ዓመቷ ሞተች።

ዘፈኖቹን በዝግጅታችሁ ወይም በራሳችሁ ቪዲዮ ላይ ለማስገባት የምታስቡ ከሆነ ትንሽ ታገሡ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የዚያ ዘመን ቀረጻ ከታተመ መቶ ዓመት ሞልቶ ዓመቱ ሲያልቅ ነው ነጻ የሚሆነው፤ በ1928 የወጡት ከጥር 1 ቀን 2029 ጀምሮ፣ በ1929 የወጡት ደግሞ በዓመቱ። ከዚያ በፊት የቪዲዮ መድረኮቹ ማሽን ድምጹን ለይቶ ሊያግደው ይችላል፤ የሸክላው ዕድሜ መርዘሙ ከዚህ አያድንም።